ሁለት ነጭ ጠጠር

የሌሊቱ ዝናብ ከሳንቃው ሳይደርቅ፣
ጭጋጉም ከውሃው ገና ሳይላቀቅ፣
ሄልቪ ቢላ ትስላለች ከገበታው ቆማ፤
የብረት ፉጨት ነው ከሩቅ የሚሰማ።

ኪቪ ሐይቅ ይባላል፣ በሚኒሶታ ሰሜን፤
በፊንላንዶች አፍ «ድንጋይ» ማለት ነው።
የሄልቪ አያቶች መጥተው ሲሰፍሩበት
ሌላ የሚጠሩት ነገር አላዩበት።

ጀልባ አከራይ ነኝ እኔ፣ ነዳጅም እቀዳለሁ፤
ሰው የማያየኝን ያህል ሁሉን አያለሁ።

ከእንግዶቹ ሁሉ ዌንዴል ይቀድማል፤
ባሱን ከገበታው ጥሎ ይጠይቃል፦
«ዛሬስ ምን በልቶ ነው?»
የዓሣ ሆድ ለእርሱ ደብዳቤ ነው፣
ትናንት ማታ ከታች የተጻፈ፣
ቢላ እስኪመጣ የታሸገ።

ሄልቪ ትከፍታለች።
መጀመሪያ ቀንዱ፣ እንደ ክር የሳሳ፤
ቀጥሎ መቆንጠጫው፣ ሳይዝ የተረሳ፤
ጅራቱ እንደ ማራገቢያ ታጥፎ፣
ዛጎሉ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ።
ክሬይፊሽ። የሐይቅ ሸርጣን፣
ጊንጥ ዋና ቢለምድ የሚመስለው፣
ሲደነግጥ በጅራቱ የኋሊት የሚወረወር፣
የሚሸሸውን ፊት ለፊት እያየ የሚሸሽ።
የዓሣው ስም ባስ ነው፤
ከድንጋይ ሥር ላለው ግን ምንጊዜም የባሰ ነው።

«ይኼ ለስላሳ ነው» አለች በአውራ ጣቷ ተጭና፣
«ልብሱን ባወለቀ ሰሞን የተያዘ።
ማደግ ሲያምረው ቤቱ ይጠበዋል፤
ጀርባውን ይሰነጥቅና ይወጣል፣
ገላው የአራስ ልጅ ገላ።
ሦስት አራት ቀን ጋሻ የለው፣ መቀስ የለው።
ባስ ያን ሰሞን ያውቀዋል።»

ዌንዴል በደብተሩ ቸኩሎ ጻፈ፦
«ለስላሳ። ቡናማ። ከድንጋዩ ጫፍ።»
ከሳጥኑም የጎማ ክሬይፊሽ አወጣ፣
አንድም ቀን ያላደገ፣ ልብሱን ያላወለቀ፣
ሆዱ ውስጥ መንጠቆ የደበቀ።

እርሷ ግን አልጨረሰች። ጣቷ ይዳስሳል፣
ከአንጀት ከዛጎሉ መሐል ይመላለሳል፣
እስኪገኙ ድረስ ሁለት ነጭ ጠጠር፣
የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ።
አሮጌውን ቤት ሳይለቅ መጥጦ ያወጣው ኖራ ነው፤
ለአዲሱ ግድግዳ የቋጠረው ጥሪት።
ኖራውን አኖረ፤ እርሱ ግን አልኖረ።

አጥባ ከሰናፍጩ ጠርሙስ ትከታቸዋለች፤
ጠርሙሱን በመስኮቱ ደፍ ትመልሳለች።
ዌንዴል አንዴ ጠየቃት፦ «ስንት ትሸጭልኛለሽ?»
«የእኔ አይደለም» አለችው።

ኡርሆ ይባል ነበር፣ ታላቅ ወንድሟ፤
በኅዳር፣ በረዶው ገና ሳይጠና፣
ዱቄትና ሻማ በሸርተቴ ጭኖ
ከማዶ ሊሻገር ጀመረ፣ ማታ።
ጠላቂዎች ሦስት ቀን ፈለጉት።
ያገኙት ጓንት ነው፤ የግራ እጅ።

ክሬይፊሽ አያማርጥም፤
ቅጠልም ይሁን፣ የሞተ ዓሣም ይሁን፣
የሰጠመ ሁሉ ማዕዱ ነው።
ክሬይፊሹን ባስ ይበላዋል።
ባሱን…
ሒሳቡን አንድ ሌሊት ብቻዬን ሠራሁት፤
ድምሩን ግን ለማንም ሳልነግር ተውኩት።

እንግዶቹ ማታ በቅቤ ሲጠብሱ፣
«ነይ ሄልቪ፣ ቅመሽ!» እያሉ ሲያጎርሱ፣
«ጠግቤያለሁ» ትላለች።
አርባ ዓመቷ ነው ከጠገበች።

ሲመሽ ገበታው ታጥቦ፣ ቢላው ተጠቅልሎ፣
የአንጀቱ ባልዲ የእኔ ድርሻ ነው።
ቀዝፌ ከድንጋዩ ጫፍ አጠገብ ደፋሁት፤
ባትሪዬን አብርቼ ወደ ታች አየሁት።
ከየጥጉ ወጡ፣ ቀስ እያሉ፣
ዓይናቸው የፍም ፍንጣሪ፣ መቀሳቸው ክፍት።
አንዱም የኋሊት አልሸሸም።